በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጥሩ የስኬትቦርድ ቦታ እንዴት ይገኛል?

ስኬትቦርድ፣ ማለትም ባለአራት ጎማ መንሸራተቻ ሰሌዳ፣ ይዞ ግቢ የሚገባ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ደረጃ ላይ ነው። ረጅም ደረጃ፣ መደገፊያ ብረት፣ ከፍ ያለ የድንጋይ መቀመጫ። ያጓጓል። እኔ ግን መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ እላለሁ። ቦታን ጥሩ የሚያደርገው ከሁሉ በፊት መሬቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነገም ተመልሳችሁ መምጣት መቻላችሁ ነው። የቱንም ያህል የሚያምር ጠርዝ ቢኖረው፣ ሳትሞቁ የምትባረሩበት ቦታ ምን ያደርግላችኋል?

ትምህርት ቤትና ስኬትቦርድ የቆየ ዝምድና አላቸው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ኮረብታማ ሰፈሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ ለምሳሌ ኬንተር ካንየንና ፖል ሪቪር፣ ግቢያቸው ውስጥ በአስፋልት የተሸፈነ ተዳፋት ነበራቸው። ልጆቹ በባሕር ሞገድ ላይ የሚሠሩትን እንቅስቃሴ እዚያ አስፋልት ላይ ይሞክሩት ጀመር። በኋላም የሆሊውድ ሃይስኩል ባለ12 እና ባለ16 ደረጃዎች፣ የሳን ፍራንሲስኮው ዋለንበርግ ትምህርት ቤት አራት ትልልቅ ደረጃዎች በስኬተሮች ዘንድ ስማቸው የታወቀ ሆነ። አንዳቸውም ለስኬትቦርድ ተብለው አልተሠሩም። የዩኒቨርሲቲ ግቢም እንዲሁ ነው። ሰፊ አደባባይ፣ መኪና የማይበዛበት መንገድ፣ መብራት፣ መቀመጫ፣ ደረጃ፣ ሁሉም አንድ አጥር ውስጥ ይገኛል። የእናንተ ሥራ የትኛው ለምን እንደሚሆን መለየት ነው።

1. መጀመሪያ የምትፈልጉትን ወስኑ

ከዶርም ወደ ክፍል ለመመላለስ ነው? ሚዛን መጠበቅና መግፋት ለመልመድ ነው? ወይስ ትሪክ፣ ማለትም በቦርድ ላይ የሚሠሩ የዝላይና የመንሸራተት ጥበቦችን፣ ለመሥራት? ሦስቱ ሦስት የተለያየ ቦታ ይፈልጋሉ።

ለመመላለስ የሚፈልግ ሰው ረጅም፣ የማይቆራረጥ መንገድ ይሻል። የመንገዱ ልስላሴ ያን ያህል አያሳስበውም፤ ጎማው ችግሩን ይፈታለታል። ከ78ኤ እስከ 87ኤ ጥንካሬ ያለው (ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ይጠነክራል)፣ ዲያሜትሩ ከ54 እስከ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ጎማ ትናንሽ ጠጠሮችን ያለ ችግር ያልፋል፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። ትሪክ የሚሠራ ሰው ግን በአብዛኛው ከ97ኤ እስከ 101ኤ የሆነ፣ ከ50 እስከ 54 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ጎማ ነው የሚይዘው። ይህ ጎማ ለስላሳ ኮንክሪት ላይ ግሩም ነው። ሻካራ አስፋልት ላይ ግን ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ቦታ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ቦርዳችሁ ላይ ያለውን ጎማ እዩ። ጎማው ላይ ቁጥሩ ተጽፏል።

ጀማሪ ከሆናችሁ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሜዳ የሆነ፣ ንጹሕ፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ግማሽ የሚያክል ቦታ። ደረጃም ጠርዝም አትፈልጉ። ጊዜው ሲደርስ ይመጣል።

2. ቤት ቁጭ ብላችሁ ካርታውን እዩ

የጉግል ካርታን በሳተላይት ምስል ክፈቱና ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። ከላይ ሲታይ ኮንክሪት ነጣ ያለ ግራጫ ነው፣ አስፋልት ጠቆር ይላል፣ ንጣፍ ጡብ ቀላ ብሎ ወይም ጥቃቅን መስመሮች በዝተውበት ይታያል። ትልልቅ አራት ማዕዘን ክፍፍል ያለው ነጭ ሜዳ ካገኛችሁ ምልክት አድርጉበት። ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀጫጭን የጥላ መስመሮች ብዙ ጊዜ ደረጃ ናቸው። ካርታው የርቀት መለኪያ ስላለው የመንደርደሪያውን ርዝመት እዚያው መገመት ትችላላችሁ።

ሰው የማያስባቸውን ቦታዎች ፈልጉ። ከጂምናዚየም ጀርባ ያለ ባዶ ሜዳ፣ የስታዲየም ዙሪያ፣ ዕቃ ማራገፊያ ያላቸው ሕንፃዎች የኋላ በር፣ ቅዳሜና እሑድ ባዶ የሚሆን የመኪና ማቆሚያ፣ መረቡ የተነሣ አሮጌ የቴኒስ ሜዳ። በደንብ የተያዘ የቴኒስ ሜዳ ግን ይቅርባችሁ። የተቀባው ሽፋን በጎማ ይበላሻል፤ ተጫዋቾቹም በትክክል ይቆጣሉ።

ሌላ ፍንጭ ልስጣችሁ። በቅርብ የተሠራው ሕንፃ የት ነው? በአዲስ ሕንፃ ዙሪያ ያለው ኮንክሪት ገና አልተሰነጠቀም፣ የዛፍ ሥርም አላነሣውም። የድሮው የግቢ ክፍል ለዓይን ያምራል፤ ለጎማ ግን ብዙ ጊዜ ጠላት ነው።

3. ያለ ቦርድ በእግር ዙሩ

ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ቦታዎች መጀመሪያ በእግር እዩዋቸው። ቦርድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ትቸኩላላችሁ። መሬቱን ሳታዩ ዘላችሁ ትወጡበታላችሁ።

የጫማችሁን ሶል መሬቱ ላይ ጎተት አድርጉ። ከያዘ ሻካራ ነው፣ ከተንሸራተተ ልሙጥ ነው። ከዚያ መንገዱን ከመነሻ እስከ ማቆሚያ ሂዱበት፤ እየተመለሳችሁም እዩት። ከአንድ ወገን የማይታይ ጉድጓድ ከሌላው ወገን ይታያል።

በጣም የምወደው ዘዴ የማታው ነው። ሲመሽ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ መሬት ላይ አጋድማችሁ ያዙት። ብርሃኑ በአግድም ሲሄድ እያንዳንዱ ጠጠርና ስንጥቅ ረጅም ጥላ ይጥላል። ቀን ሜዳ የመሰላችሁ ቦታ ማንነቱን ያወጣል።

ተዳፋት መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ቦርዱን በሁለተኛው ዙር ይዛችሁ ሂዱና መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ልቀቁት። ወዴት ነው የሚንከባለለው? በዓይን ሜዳ የሚመስለው አደባባይ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ትንሽ ያዘነበለ ነው። ይህን ካወቃችሁ በቁልቁለቱ ፍጥነት ታገኛላችሁ፣ በአቀበቱ በኩል ደግሞ ቀስ ብላችሁ ትቆማላችሁ።

4. የመሬቱን ዓይነት ለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው።

ለስላሳ ሆኖ የተጠናቀቀ ኮንክሪት ከሁሉም ይበልጣል። ጎማ ይይዛል፣ አይጎትትም፣ ስትወድቁም ቆዳችሁን እንደ አስፋልት አይበላም። ችግሩ መጋጠሚያዎቹ ናቸው። ኮንክሪት በሙቀትና በቅዝቃዜ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር በየተወሰነ ርቀት ክፍተት ይተውለታል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነና ሁለቱ ወገን እኩል ከሆነ ኳ ኳ እያለ ያልፋል። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ ግን የፊት ጎማ ይያዝና ቦርዱ ሲቆም እናንተ ወደ ፊት ትወረወራላችሁ። ሁልጊዜ መጋጠሚያን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፣ በሰያፍ አይደለም። ስትደርሱበትም ክብደታችሁን ጥቂት ወደ ኋላ እግር አድርጉ።

አስፋልት እንደ ዕድሜው ነው። አዲስ ሆኖ በደንብ የተጠቀጠቀ አስፋልት ለመመላለስ ይመቻል። ካረጀ በኋላ ግን ጥቁሩ ማያያዣ ይታጠብና ጠጠሩ አግጥጦ ይወጣል። ያኔ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ እግር ያደነዝዛል፤ ፍጥነትም ይገድላል።

ግራናይት፣ እብነ በረድና ቴራዞ የትልልቅ ሕንፃዎች መግቢያ ላይ ይገኛሉ። ፈጣን ናቸው። ጠርዛቸውም ለግራይንድ፣ ማለትም ቦርዱ በጎማዎቹ መያዣ ብረት ጠርዝ ላይ ለሚንሸራተትበት ትሪክ፣ የተመቸ ነው። ነገር ግን ላያቸው ላይ ስስ አቧራ ካለ ጎማው ይከዳችኋል፤ ጤዛ ካለ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት። ጠዋት ከሆነ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት። እጃችሁ ከረጠበ ቦርዱን አትውጡበት፣ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ንጣፍ ጡብና ኮብልስቶን ለጠንካራ ጎማ አይሆኑም። በለስላሳ ጎማ መሻገር ይቻላል፣ ትሪክ ግን አይታሰብም። የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ያለው የተቀባ ወለል ሲደርቅ ደስ ይላል፤ መኪኖች ውሃ ይዘው ከገቡበት ግን ያንሸራትታል። መንገድ ላይ የተሠመረው ነጭ ቀለምም ሲረጥብ እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። ትናንሽ እብጠቶች ያሉበት፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ የሆነ ንጣፍ አለ። ማየት የተሳናቸው ሰዎች መንገዳቸውን በእግራቸውና በበትራቸው የሚለዩበት ነው። ለጎማ አደገኛ ነው። ከዚያ በላይ ግን እኛ ቆመን የምናወራበት፣ ቦርድ የምናስቀምጥበት ቦታ አይደለም። የዊልቸር መወጣጫም እንደዚሁ። የአሜሪካ ደንብ የመወጣጫው ተዳፋት ቢበዛ 1 ለ12 እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለልምምድ የሚያጓጓ ልከኛ ተዳፋት ነው። ግን ሌላ መንገድ የሌለው ሰው የሚሄድበት ነው። አትያዙት።

የፍሳሽ መውረጃ ብረቶችን አቅጣጫ እዩ። ክፍተቶቹ ከምትሄዱበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆኑ ጎማ ሊገባባቸው ይችላል። አግድም ከሆኑ ይንቀጠቀጣል እንጂ ያልፋል። የማንሆል ክዳንም ዙሪያው ሰመጥ ያለ መሆኑን በእግራችሁ ፈትሹ።

5. ከዚያ ቀና ብላችሁ ጠርዙንና ደረጃውን እዩ

መሬቱ ጥሩ ከሆነ አሁን ወደሚያጓጓው ነገር መሄድ ትችላላችሁ። ለጀማሪ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ይበቃል፤ ከፍታው ብዙ ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መቀመጫዎች በአብዛኛው ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ ኦሊው፣ ማለትም ከነቦርዱ መዝለሉ፣ የጸናለት ሰው የሚችለው ከፍታ ነው። በመካከላቸው፣ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ጠርዝ ካገኛችሁ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። ለረጅም ጊዜ የሚያገለግላችሁ እሱ ነው።

ደረጃ ስትቆጥሩ በቁጥሩ ብቻ አትመኑ። የአንድ ደረጃ ከፍታ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ አራት ደረጃ ከ60 እስከ 72 ሴንቲ ሜትር መውረድ ማለት ነው። የመርገጫው ስፋትም አለ። ሰፋፊ መርገጫ ያለው አራት ደረጃ ጠባብ መርገጫ ካለው ስድስት ሊከብድ ይችላል፤ መሻገር ያለባችሁ ርቀት ይረዝማልና።

መንደርደሪያውና ማረፊያው ከደረጃው በላይ ወሳኝ ናቸው። ከላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ገፍታችሁ እግራችሁን አስተካክላችሁ ለመቆም የሚበቃ ርቀት አለ? ከታች ስታርፉ ፊት ለፊት ምን አለ? ግድግዳ፣ የመስታወት በር፣ የሚያልፍ ሰው፣ የመኪና መንገድ ከሆነ ያ ቦታ ለናንተ አይደለም። ቦርዱ ብቻውን አምልጦ ሲሄድም ወዴት እንደሚሄድ አስቡ። የሰው ቁርጭምጭሚት የሚመታው ብዙ ጊዜ ነጂ የሌለው ቦርድ ነው።

ጠርዙ ላይ የብረት ጉጦች ተገጥመው ካያችሁ ግቢው ስኬትቦርድ እንደማይፈልግ በግልጽ ነግሯችኋል። ጉጦቹን የሚነቅሉ ሰዎች አሉ። አልደግፈውም። ንብረት ማበላሸት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ስኬተር ሁሉም በር ይዘጋል። ቦርድ እንዲንሸራተት ብሎ ጠርዝን ሻማ መቀባትም ቢሆን ሌላ ስኬተር ያልነካው፣ ሰዎች የሚቀመጡበት ንጹሕ ጠርዝ ላይ አይገባም። ድንጋዩን ያጠቁረዋል። የሰው ልብስም ያበላሻል።

6. ሰዓቱን አጥኑ

ያው አንድ አደባባይ በተለያየ ሰዓት የተለያየ ቦታ ነው። ክፍል ሲለቀቅ ሕዝብ ይጎርፋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ባዶ ይሆናል። የትምህርት ሰዓቱን ስለምታውቁ ይህን መገመት ለእናንተ ቀላል ነው። የሳምንቱ መጨረሻ ጠዋት፣ የዕረፍት ሳምንታት፣ ከማታ ትምህርት በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል።

ድምፅ ደግሞ አለ። ጠንካራ ጎማ ኮንክሪት ላይ የሚያሰማው ድምፅ ለእኛ ሙዚቃ ነው፤ ላይብረሪ ውስጥ ለፈተና ለሚያነብ ሰው ግን ስቃይ ነው። ስኬተሮች የሚባረሩበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር ሳይሆን ጫጫታው ነው። ከላይብረሪ፣ ከመማሪያ ክፍል መስኮትና ከዶርም ራቁ። በፈተና ሰሞን ደግሞ ጨርሳችሁ ወደ ግቢው ዳር ውጡ።

ማታ ከሆነ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ እወቁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ፊት ለፊት የምትመታችሁ ከሆነ አቅጣጫችሁን ቀይሩ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ቢያንስ እስኪደርቅ ጠብቁ። ቦርዱ የእንጨት ንብርብር ስለሆነ ውሃ ሲገባው ያብጣል፤ ኩሽኔታውም ይዝጋል።

ቅጠልና አሸዋ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ትንሽ መጥረጊያ ያዙ። እየጠረጋችሁ የሚያይ ሰው ከመጮህ በፊት አንድ ጊዜ ያስባል። ይህን በእርግጠኝነት ነው የምላችሁ።

7. ደንቡን አንብቡ፣ ሰዎቹንም እወቋቸው

የተማሪዎች መመሪያ ውስጥ ስለ ስኬትቦርድ፣ ስለ ሮለርና ስለ ብስክሌት የሚናገር ክፍል ካለ ፈልጉት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቦርድን ለመጓጓዣ መጠቀምንና ትሪክ መሥራትን ለይተው ነው የሚያዩት። የመጀመሪያውን ይፈቅዳሉ፣ ሁለተኛውን ይከለክላሉ። ሌሎች ደግሞ ሁለቱንም የሚከለክሉበት ቀጠና አላቸው። ከአጥሩ ውጭ ያለው የእግረኛ መንገድ የከተማው እንጂ የዩኒቨርሲቲው ላይሆን ይችላል፤ ደንቡም ይለያያል።

የግቢው ጥበቃ መጥቶ ሂዱ ሲላችሁ ክርክር አትግጠሙ። ሥራውን እየሠራ ነው። ከቦርዱ ውረዱ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቁ፣ «ይቅርታ፣ አሁኑኑ እንወጣለን። የማንረብሽበት ሌላ ቦታ ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ዋጋ አለው። ግቢውን ከማንም በላይ የሚያውቀው ጥበቃው ነው። የትኛው ማቆሚያ መቼ ባዶ እንደሚሆን፣ የትኛው ሕንፃ ጀርባ ሰው እንደማይደርስ ያውቃል። መልካም ከሆናችሁለት ብዙ ጊዜ ይነግራችኋል። «አንሄድም» ካላችሁ ግን ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ ቦርድ የያዘ ሁሉ ይፈተሻል።

ያገኛችሁትን ቦታ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። መሬቱ ምን ዓይነት ነው፣ መቼ ባዶ ነው፣ መብራት አለው ወይ፣ ማን ተናገራችሁ። ለጓደኛ አሳዩ እንጂ ትክክለኛ ቦታውን ኢንተርኔት ላይ አትበትኑት። ጸጥ ያለ ቦታ ብዙ ሕዝብ ከጎረፈበት ወዲያው ይዘጋል።

8. ፈቃድ ጠይቁ

ስኬተሮች ፈቃድ መጠየቅ አይወዱም። መልሱ እምቢ ይሆናል ብለን ቀድመን እንደመድማለን። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚለው። በፖርትላንድ ከበርንሳይድ ድልድይ ሥር ስኬተሮች በ1990 እ.ኤ.አ. ያለ ፈቃድ በገዛ እጃቸው መሥራት የጀመሩትን ፓርክ ከተማው በኋላ ተቀብሎታል። ለንደን ውስጥ ሳውዝባንክ ያለው ስኬተሮች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙበት ምድር ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ለሱቅ ሊሆን ሲል ተሰባስበው ተከራከሩ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. እንዲቆይ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ፊላደልፊያ ውስጥ ደግሞ ስኬተሮች ያዘወትሩት የነበረው የላቭ ፓርክ ሐሳብ አመንጪ የሆነው የከተማ ፕላን ባለሙያ ኤድመንድ ቤከን ስኬትቦርድ መከልከሉን በመቃወም በ2002 እ.ኤ.አ.፣ በ92 ዓመቱ፣ ሰዎች ደግፈውት ቦርድ ላይ ወጣ። ፓርኩ ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ለእድሳት ተዘግቶ የድሮ መልኩ ጠፋ። ሁሉም ትግል አይሰምርም። ያልተጠየቀ ነገር ግን አይገኝም።

ለተማሪዎች ዲን ወይም ለስፖርት ክፍሉ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። «ስኬትቦርድ ይፈቀድልን» አትበሉ፤ ለመመለስ አስቸጋሪ ጥያቄ ነው። ይልቅ አንድ የተወሰነ ቦታና አንድ የተወሰነ ሰዓት ጥቀሱ። ለምሳሌ ከጂምናዚየሙ ጀርባ ያለው ማቆሚያ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ስንት ሰው እንደምትሆኑ፣ ሄልሜት ማድረግ ግዴታ እንደምታደርጉ፣ ቦታውን ጠርጋችሁ እንደምትወጡ ግለጹ። የክለብ ምዝገባ ካለ ተመዝገቡ፤ ለግለሰብ የማይሰጥ ፈቃድ ለክለብ ይሰጣል። ስኬትቦርድ በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ የኦሊምፒክ ስፖርት መሆኑንም አንድ መስመር ጨምሩ። ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ኃላፊ ያግዛል።

በተሰጣችሁ ቀን ሄልሜት ብቻ ሳይሆን የእጅ አንጓ መከላከያም ይኑራችሁ። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ ስለዚህ አንጓ በስኬትቦርድ ላይ ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ ነው።

9. ምንም ካልተገኘ

ግቢው በሙሉ ጡብ ንጣፍ ቢሆን እንኳ አንድ ጥሩ ሜዳ አይጠፋም። ያ ከተገኘ ጠርዙን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨት ሳጥን ሥሩ። ውስጡን በየ40 ሴንቲ ሜትሩ በጣውላ አጠናክሩት፣ ላዩን ወፍራም ፕላይውድ አልብሱት፣ አንዱን ጠርዝ በማዕዘን ብረት ሸፍኑት። የብረቱ ብሎኖች ራስ ከላዩ ጋር እኩል እስኪሆን መግባት አለበት፤ ብቅ ያለ ብሎን ቦርዱን ያቆመዋል። ሁለት ሰው ያነሳዋል። ሻማ እንደልባችሁ ቀቡት፤ የማንም መቀመጫ አይደለምና። ሳጥኑ የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድማችሁ ከስፖርት ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ። ሜዳ ላይ ጥላችሁት ከሄዳችሁ የጽዳት ሠራተኞች ቆሻሻ መስሏቸው ይወስዱታል።